ገመድ የማይዘረጋበት ግቢ

ባለፈው ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ የብሎካችን መግቢያ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። የተለጠፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ቁልፍ ጠፋብኝ የሚል ማስታወቂያም ቢሆን ቆሜ እጨርሰዋለሁ። ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ መነጽሬን ከቦርሳዬ ፈለግሁ። «ከመጪው ወር ጀምሮ በረንዳ ላይም ሆነ ግቢ ውስጥ ልብስ ማስጣት በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። ከሥሩ የነዋሪዎች ኮሚቴው ማህተም ተመትቶበታል። ለምን እንደተከለከለ ግን አንዲት ቃል የለችም። ገልብጬ ለማየት ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር።

የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚህ የሚኖረው ሰው አብዛኛው ማለዳ ወደ ከተማ ወጥቶ ማታ የሚመለስ ስለሆነ፣ ጎረቤቴን የማውቀው በፊቱ ሳይሆን በልብሱ ነው። ነጩ ጋውን የነርሷ ነው። ሰማያዊዎቹ ዩኒፎርሞች የአራተኛ ፎቅ መንትዮች ናቸው። እሁድ እሁድ ብሎኩ በሙሉ ልብስ ለብሶ ይውላል። እኔን ደስ ይለኛል፤ ኮሚቴውን ግን ደስ አላለውም ማለት ነው።

አመሻሹ ላይ በሬ ተንኳኳ። ሜላት ናት፤ ፊት ለፊቴ ካለው ቤት አንዱን ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ።

«ማዘር፣ ወረቀቱን አዩት?»

«አየሁት።»

«እርስዎ ባለቤት ነዎት፣ ስብሰባ ይጠራሉ። እኛን ተከራዮቹን ማንም አይጠራንም። እኔ ያለችኝ አንድ ክፍል ናት። ልብሴን አልጋዬ ላይ ላሰጣው? ሕጉ ይፈቅድላቸዋል እንዴ?»

«ሕጉን አላውቀውም» አልኳት። «አንድ ጊዜ ግን በዚሁ ጉዳይ ሰው ከስሻለሁ።»

«በምን ጉዳይ?»

«በልብስ ማስጣት።»

ሳቀችና ጫማዋን አውልቃ ገባች። ያን ቀን የነገርኳት ታሪክ ይኸው ነው። ለእሷ ያልነገርኳትንም ጨምሬበታለሁ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከአሰላ መጥቼ አቃቂ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ከተቀጠርኩ ሁለት ሳምንት አልሞላኝም። መጀመሪያ የአክስቴ ልጅ ቤት አርፌ ነበር፤ ኋላ ደላላ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለ አንድ ግቢ ወሰደኝ። ከፊት የባለቤቷ ትልቅ ቤት፣ ከጎን አጥሩን ተደግፈው የተሠሩ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች። መሀሉ ግን ሜዳ ነው። መኪና ገብቶ ዞሮ ይወጣበታል። አንድ የኮክ ዛፍ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ሌላው ተጠርጎ፣ ውሃ ተረጭቶበት፣ ፀሐይ ብቻ ተኝታበት ነበር። የፋብሪካችን ሕንፃ ውስጥ ስውል ሰማይ ስለማላይ ግቢውን ገና ሳየው ወደድኩት።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ደብሪቱ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። የነጠላቸው ንጣት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። በአቃቂ ጭቃና በአቃቂ የፋብሪካ ጭስ መሀል እንዲያ ያለ ነጭ ከየት እንደሚመጣ አልገባኝም ነበር።

ክፍሉን ካሳዩኝ በኋላ የግቢውን ደንብ ነገሩኝ።

«ስትገቢም ስትወጪም በሩን ዝጊ። ቧንቧ ከፍተሽ አትርሺ። እንግዳ ሲመጣብሽ አስቀድመሽ ንገሪኝ። ልብስ ግቢዬ ውስጥ አይሰጣም።»

የመጨረሻው ጆሮዬን ያዘው። «የት ላሰጣ ታዲያ እትዬ?»

«ቤትሽ ውስጥ። ወይ ወንዝ ዳር። እንደፈቀደሽ። እዚህ ግን ገመድ አይዘረጋም።»

ልጅ ነበርኩ፤ ቤት ማግኘቴ አስደስቶኝ ነበር። እሺ አልኩ። የውል ወረቀት ላይ ፈረምን፣ ገባሁ።

እሺ ያልኩት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ቀስ እያለ ነው። ክር ፋብሪካ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ የጥጥ ብናኝ ፀጉር ውስጥ፣ ጆሮ ውስጥ፣ የልብስ ስፌት ውስጥ ይገባል። ዩኒፎርሜን በየሁለት ቀኑ ማጠብ ነበረብኝ። ክፍሌ ደግሞ ከአልጋዬ ጫፍ እስከ በሩ አምስት እርምጃ አይሞላም። ከአልጋዬ በላይ ገመድ አሰርኩ። እርጥብ ቀሚስ ከፊቴ ተንጠልጥሎ ሽሮዬን እበላለሁ፤ ጠብታው አንዳንዴ ሳህኑ ውስጥ ይወድቃል። ጠዋት የምለብሰው ልብስ ደርቆ ሳይሆን ሞቆ ነው። ሽታው እንደ ቆየ ሊጥ ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ እሸማቀቅ ነበር።

እሁድ እሁድ ልብሴን በሳፋ ተሸክሜ ወንዝ ዳር እወርዳለሁ። ሣሩ ላይ ዘርግቼ፣ የተጠበሰ በቆሎ እየበላሁ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። የአቃቂ ወንዝ ያኔም ቀለሙ በየቀኑ ይለያያል፤ አንድ ቀን ሐምራዊ፣ አንድ ቀን የሻይ መልክ። በውሃው ባላጥብም ሣሩ አያስከፋም ነበር። አንድ እሁድ ግን አንዲት ላም ከመንጋ ተነጥላ መጥታ፣ እናቴ የሰጠችኝ ነጭ አንሶላ ላይ በአራቱም እግሯ ቆመችበት። ብገፋት፣ ብለምናት፣ ብጮህባት አልሄድ አለች። ሲበቃት በላዩ ላይ የምታደርገውን አድርጋበት ሄደች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ያ ሰፊ ግቢ ባዶውን ፀሐይ ሲሞቅ አየሁና ሳቄ ጠፋ።

ለምን? ይህች ጥያቄ ያዘችኝ። ለሌሎቹ ተከራዮችም ጥያቄ ነበረች። ከጎኔ ያለችው ዘይነባ ናት፤ ከኮምቦልቻ የመጣች፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የምትበልጥ። ባሏ ሙሄ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ በወር ሁለቴ ብናየው ነው። በዳርኛው ክፍል የሚኖረው ደግሞ ማረሚያ ቤት ጥበቃ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነበር።

ዘይነባ «ቡዳ ፈርተው ነው፤ የሰው ዓይን ልብስ ላይ ያርፋል ይባላል» ትላለች።

ጥበቃው «ሌባ እንዳይስብ ይሆናል» ይላል። ቀጥሎ የጨመራት ግን ምንጊዜም አትረሳኝም። «እስረኞቹ እንኳ ልብሳቸውን ፀሐይ ላይ ነው የሚያሰጡት። እኔም ዩኒፎርሜን እዚያው ወስጄ አሰጣለሁ።»

እኔ ደግሞ ኩራት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ባለ ግቢ መሆናቸውን ማሳየት ነው አልኩ። በሦስታችንም ግምት ውስጥ ሴትየዋን ሄዶ መጠየቅ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሰኔ ማለቂያ ላይ ዘይነባ ወለደች። ሴት ልጅ፣ ሰሚራ። የግቢው ሽታ ተለወጠ፤ ከክፍሏ የአብሽና የገንፎ ቅቤ ይሸታል። ክረምቱም አብሮ ገባ። ያን ዓመት ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፣ ቀትር ላይ ትንሽ ገለጥ ይልና ፀሐይ ወጥታ ትስቃለች፣ ከሰዓት ደግሞ ቆርቆሮውን ይወርድበታል። ያቺን የቀትር ፀሐይ የሚጠቀምባት አልነበረም። ዘይነባ በቀን አሥራ አምስት፣ ሃያ የሽንት ጨርቅ ታጥባለች። ክፍሏ ውስጥ አራት ገመድ ተዘርግቶ ጎንበስ ሳይሉ መግባት አይቻልም ነበር። ግድግዳው አላበው፤ ከዚያ ጥግ ጥጉን ሻገተ። በሐምሌ አጋማሽ ሕፃኗ ማሳል ጀመረች።

ሳሏ ደረቅና ትንሽ ነበር። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ እያንዳንዷ ትሰማኛለች። አንድ ቀን ከሥራ በፊት ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ መድኃኒት ጻፈችላትና «ቤትሽ እርጥበት አለው?» ብላ ጠየቀቻት። ዘይነባ ነገረቻት። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«መድኃኒቱ ብቻውን ምንም አይሠራልሽም። እርጥብ ልብስ ልጅቷ ካለችበት ክፍል ይውጣ።»

መንገድ ላይ ዘይነባን «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። እጄን ያዘችኝ።

«ወላሂ እንዳትነግሪያቸው። ከነልጅ ማን ያከራየኛል? ይህንን ቤት ለማግኘት ስንት በር እንደተዘጋብኝ አታውቂም።»

እሷን እሺ ብዬ፣ ደጄ ከደረስን በኋላ ብቻዬን ሄጄ አንኳኳሁ። እትዬ ደብሪቱ በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ።

«እትዬ፣ ለሕፃኗ ጨርቅ ብቻ አንዲት ገመድ ቢፈቅዱልን። ሳል ይዟታል።»

«ስትገቢ ነግሬሻለሁ።»

«ለምን እንደሆነ ቢነግሩኝ እንኳ . . .»

«ግቢው የእኔ ስለሆነ» አሉኝና በሩን ዘጉት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እሱ ነው ይበልጥ ያስገረመኝ።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። እትዬ ደብሪቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ቅዳሴ አስቀድሰው የሚመለሱት ከቀትር በኋላ ነው። አንድ ቀን እኔ የከሰዓት ሺፍት ነበርኩ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጥርት ብሎ ነበር፤ በነሐሴ እንዲህ ያለ ቀን እንደ ስጦታ ነው። ዘይነባን ሳላማክራት ገመድ አውጥቼ ከኮኩ ዛፍ እስከ መስኮቴ ብረት ድረስ ወጠርኩ። ጨርቆቹን አንድ በአንድ ሰቀልኩ። ዘይነባ ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ «ተይ፣ ተይ» ትለኛለች፤ ግን ፊቷ ፈክቶ ነበር። ጨርቆቹ ወዲያው ይተኑ ጀመር። ደግሞም ያምሩ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግቢው ነፍስ የዘራ መሰለኝ።

ገና ሰዓት ሳይሞላ የግቢው በር ተከፈተ። እትዬ ደብሪቱ ናቸው።

ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልጮሁም። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው፣ ጃንጥላቸውን ዛፉ ላይ አስደግፈው፣ ከገመዱ ጫፍ ጀመሩ። አንዱን ጨርቅ በሁለት ጣት አነሡ፣ አንዴ አራገፉት፤ ጧ የሚል ድምፅ አወጣ። ከዚያ እጆቻቸው ምን እንዳደረጉ ዓይኔ አልተከተለውም። ጫፍ ከጫፍ ገጥሞ፣ ሁለቴ ታጥፎ፣ ክንዳቸው ላይ ሆነ። ቀጣዩ። ቀጣዩ። ጧ፣ እጥፍ። ሁሉም እኩል፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ። እኔና ዘይነባ ፍርሃታችንን ረስተን አፋችንን ከፍተን እናያለን።

ስድስተኛው ወይ ሰባተኛው ላይ እጃቸው ቆመ። ጨርቁን በአውራ ጣታቸው አሻሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ይሄ በደንብ አልተለቀለቀም። ሳሙና አለበት። የሕፃን ቆዳ ያቃጥላል።»

«እትዬ፣ ይህን የት ተማሩት?» አልኩ። ከአፌ ያመለጠኝ ነው።

ቀና ብለው አዩኝ። የፊታቸውን መልክ እስከ ዛሬ በትክክል ልገልጸው አልችልም፤ የጎረቤት እቃ ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሰው ነበሩ ብል ይቀርባል። ጨርቆቹን ለዘይነባ አስታቀፏት። ገመዱን ፈቱት።

«ሁለተኛ ገመድ ካየሁ ሁለታችሁም ትለቃላችሁ» አሉና ገቡ።

ዘይነባ አለቀሰች። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ንዴቴ ውስጥ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ነበር፣ እነዚያ እጆች። ያም ሆኖ ልጅቷ እያሳለች ስለ እጆች እያሰብኩ መቀመጥ አልቻልኩም። በማግሥቱ የውል ወረቀቴን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ።

ጸሐፊው ሹራብ የደረቡ፣ ዳቦአቸውን በሻይ የሚያማጉ ሽማግሌ ነበሩ። ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ገልብጠውም አዩት።

«ልብስ አይሰጣም የሚል የለበትም» አሉ።

«በቃል ነው የነገሩኝ።»

«ልብስ ይሰጣል የሚልም የለበትም።» ትንሽ አሰቡ። «ቤት ሲከራይ አብረው የሚሄዱ ነገሮች አሉ። መግቢያ በር፣ ሽንት ቤት፣ ውሃ። ፀሐይ የሚል ግን አንብቤ አላውቅም።»

«ታዲያ ይቻላል ወይስ አይቻልም?»

«ዳኞቹን መጠየቅ ነው። እኔም መልሱን መስማት እፈልጋለሁ» አሉና መጥሪያ ጻፉልኝ። በዚያ ዘመን ደንቡ እንዲህ ነበር፤ መጥሪያውን ለተከሳሽ የሚያደርሰው ከሳሹ ራሱ ነው። ጉዳዬ ለቀጣዩ ሐሙስ ተቀጠረ።

ወረቀቷን ኪሴ ይዤ ሁለት ቀን ዞርኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ከሰዓት በኋላ የእትዬ ደብሪቱን በር አንኳኳሁ። ከፈቱልኝ። ወረቀቷን ዘረጋሁላቸው።

አልተቀበሉኝም። «አንብቢልኝ» አሉ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።»

ይህን አላሰብኩም ነበር። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። የቀበሌውን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን አነበብኩ። «ተከሳሽ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ» አልኩ።

«ከሳሽስ ማን ይላል?»

«እኔ።»

ከማዶ ባቡሩ ሲያልፍ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ።

«ግቢ» አሉኝ። «ቆመሽ የከሰስሽኝ ይበቃል።»

ቤታቸው ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉ ነገር ተተኩሷል፤ የጠረጴዛው ልብስ፣ የአልጋው ልብስ፣ መጋረጃው። አንድ የከሰል ካውያ መደርደሪያ ላይ ተወልውሎ ተቀምጧል። ቁጭ ብለው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና፣ እኔን ሳያዩ ነገሩኝ።

ሠላሳ ዓመት አጣቢ ነበሩ። በልጅነታቸው ለባቡሩ ፈረንጆች ማጠብ ጀመሩ፤ ኋላ የሰፈሩ ባለሥልጣን፣ ኋላ የሆቴል አንሶላ። መሬቱን ገዝተው፣ ቤቱን ሠርተው፣ እቃቸውን አስገብተው ገና ሳይቀመጡ የግቢው በር ተንኳኳ። ጎረቤቶች ናቸው። እንኳን ደስ ያለዎት ሊሉ የመጡ መሰላቸው። እያንዳንዳቸው ግን በጀርባቸው የልብስ ጥቅል ነበር።

«ክፋት አልነበራቸውም» አሉ። «ሰፊ ግቢ አገኘች፣ አሁን በደንብ ታሰጣልናለች ብለው ነው። ስሜን አያውቁትም ነበር እኮ። አጣቢዋ ነው የሚሉኝ። የአጣቢዋ ቤት፣ የአጣቢዋ ልጅ። ያን ቀን ሁሉንም መለስኳቸው። እዚህ ግቢ ገመድ አይዘረጋም አልኩ። ስሜን ለመልመድ ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም እትዬ።»

«ገመድ ላይ ልብስ ሳይ መንገደኛው ሁሉ ያንን የድሮ ስሜን የሚያነብበት ይመስለኛል።» እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። «አንቺ ደግሞ ገና አንዱን ጨርቅ ሳጥፍ አወቅሽብኝ።»

እኔ ኩራት ነው ብዬ ነበር። ኩራትም ነበር፤ ግን እኔ የገመትኩት ዓይነት አልነበረም።

«ወረቀቱን ልቅደደው?» አልኩ።

«ለምን ትቀጂዋለሽ? ልጅቷ ማሳሏን ትታለች?»

«አልተወችም።»

«እንግዲያው ጠርተሽኛል፤ እመጣለሁ። እኔ ተጠርቼ ቀርቼ አላውቅም።»

ሐሙስ ዕለት እየዘነበ ነበር። የአቃቂ መረሬ ጭቃ ጫማ ይውጣል፤ ቀበሌው ደግሞ ዳገቱ ላይ ነው። በር ላይ ተገናኘን። እሳቸው ጃንጥላ ይዘዋል፣ እኔ አልያዝኩም። ትንሽ ቆም አሉና ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘነበሉት። እጃቸውን ደገፍኩ፤ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ጃንጥላ ሥር እየተንሸራተትን ዳገቱን ወጣን።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ የሰፈር ሽማግሌዎች። ጸሐፊው ጥጉ ላይ ተቀምጠው እስክሪብቷቸውን አዘጋጅተዋል። እኔ የሕፃኗን ሳል፣ የነርሷን ምክር፣ የውሉን ወረቀት አስረዳሁ። የመሀል ዳኛው ወደ እትዬ ደብሪቱ ዞሩ።

«ምን ይላሉ?»

«ግቢው የእኔ ነው።»

«እሱን ማንም አልካደም። የከለከሉበት ምክንያት ግን አለ?»

እትዬ ደብሪቱ ወደ እኔ አዩ። ያን ዓይን አየሁት። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ብናገረው ዳኞቹ ያዝኑላቸዋል፣ ምናልባትም ይፈርዱላቸዋል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን ያንን ስም እንደገና ይሰማዋል። መሬት መሬት አየሁ።

«ምክንያቴ የራሴ ነው» አሉ።

ዳኞቹ ተንሾካሾኩ። ከዚያ የመሀሉ እንዲህ አሉ፦ «ቤት የተከራየ ሰው ይበላል፣ ይተኛል፣ ልብሱን ያጥባል። ያጠበውን ደግሞ ማድረቅ አለበት። ይህ ውል ላይ ባይጻፍም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ስለዚህ ማስጫ ቦታ ይሰጣቸው። ቦታውን ግን የሚመርጡት ባለቤቷ ናቸው።»

«ከቤቱ ጀርባ» አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ ወዲያው። ያሰቡበት ነገር ነበር ማለት ነው። ከቤቱ ጀርባ ከአጥሩ ጋር የሚዋሰን ጠባብ ቦታ አለ፤ ከመንገድ አይታይም፣ የቀትር ፀሐይ ግን አይጠፋውም።

በማግሥቱ ገመዱን ራሳቸው ወጠሩት። እኔ ያሰርኩትን ቋጠሮ አይተው አፍንጫቸውን ነፉና ፈተው እንደገና አሰሩት፤ መሀሉን በመንታ እንጨት ደገፉት። ከዚያ በኋላ ግን አላስቻላቸውም። ልብስ ባሰጣን ቁጥር ከኋላ በር ብቅ ይላሉ። «ሸሚዝ በትከሻው አይሰቀልም፣ በግርጌው ነው።» «ቀለም ያለውን ገልብጪው፣ ፀሐይ ይበላዋል።» ዘይነባን ማለቅለቅ አስተማሯት፤ ሦስተኛው ውሃ እንደ መጠጥ ውሃ ካልጠራ ልብሱ አልታጠበም ይሉ ነበር። ይህን ሲያስተምሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ አጥሩ እንዳይሰማቸው ይመስል።

ሰሚራ በመስከረም ሳሉ ተዋት። ገመዱ ይሁን መድኃኒቱ፣ ወይስ ዝናቡ ስላበቃ፣ አላውቅም። ዘይነባ ግን ገመዱ ነው ብላ እስከ መጨረሻው ጸናች።

እኔና እትዬ ደብሪቱ እናትና ልጅ ሆንን ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አልሆንም። እዚያ ግቢ ሌላ ሁለት ዓመት ስኖር አንድም ቀን በስሜ አልጠሩኝም። «ከሳሼ» ነው የሚሉኝ። «ከሳሼ፣ ደብዳቤ መጥቶልሻል።» «ከሳሼ፣ ነይ ቂጣ ቅመሺ።» ልጆች ሲሰሙ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፤ የእሳቸው ሳቅ ግን አንዳንዴ ዓይናቸው ጋ አይደርስም ነበር። አግብቼ ስወጣ ከአሰላ ያመጣሁትን አንሶላ፣ ያንን ላሟ የቆመችበትን፣ አጥበው፣ ተኩሰው፣ አጥፈው አስረከቡኝ። እድፉ ጠፍቷል። «ማን እንዳጠበልሽ ለማንም እንዳትነግሪ» አሉኝ። እስከ ዛሬም ለማንም አልነገርኩም። አሁን አርፈዋልና ይቅር ይሉኛል።

ሜላት ሻይዋን ጨርሳ ቆየች። «እና ማን አሸነፈ?» አለችኝ።

የሷ ትውልድ ጥያቄ ቀጥ ያለ ነው፤ ደስ ይለኛል። ዳኞቹ ለእኔ ፈረዱ። ልጅቷ ዳነች። አንዲት ሴት ደግሞ ዕድሜ ልኳን ስትሸሸው የኖረችው ገመድ ጓሮዋ ውስጥ ተዘረጋ። ያን መጥሪያ ይዤ በመሄዴ ተጸጽቼ አላውቅም፤ ዛሬም ቢሆን እወስደዋለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስምንት ወር አንድ ግቢ ውስጥ አብረን ስንኖር፣ ከዚያች የደጃፍ ላይ የችኮላ ጥያቄ በቀር፣ ቁጭ ብዬ እኚህን ሴት ማን እንደሆኑ ጠይቄያቸው አላውቅም። ጥያቄዬ ሁሉ ስለ ገመዱ ነበር።

የኮሚቴው ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሜላትን አብራኝ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ፤ ተከራይ አትገባም ካሏት በእኔ ቦታ ትቀመጣለች፣ እኔ እቆማለሁ። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው ጠይቄ ደርሼበታለሁ፤ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ሰላምታ እንኳ የሚከብዳቸው ጡረተኛ ናቸው። ስለ እሳቸው ምንም አላውቅም። ልብስ ምን እንዳደረጋቸው መስማት እፈልጋለሁ፤ ከልቤ ነው የምፈልገው፣ እስኪጨርሱም አላቋርጣቸውም። ከሰማን በኋላም ግን ልብሱ መድረቅ አለበት።